ሞተር ለምትነዱ፦ ጃኬታችሁን ከመጣላችሁ በፊት

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ቢሮዬ ሀዋሳ ነው፤ ከብቶቹ ያሉት ግን ሁላ ወረዳ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በሞተር ሀገረ ሰላም እወጣለሁ። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሀገረ ሰላም 2,700 ሜትር ገደማ። ሀዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ፀሐይ እየሞቃችሁ ትነሳላችሁ። አፖስቶ ላይ ታጥፋችሁ ሽቅብ ስትሉ ጉምና ዝናብ ይቀበላችኋል። በክረምት ይሄ የማይቀር ነው።

አምና ሐምሌ ላይ ከአፖስቶ ከተነሳሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ውሃው ደረቴ ገባ። መጀመሪያ ዚፑ አጠገብ እንደ መርፌ ወጋኝ። ከዚያ በክንዴ ወርዶ ጓንቴ ውስጥ ተጠራቀመ። ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሪሲዮን መጨበጥ አቃተኝ። አቁሜ አንድ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። አንዲት እናት የእንሰት ቅጠል ተከናንበው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ድቡልቡል እያለ ይንከባለላል። ትከሻቸው ደረቅ ነው። የኔ ጃኬት ግን ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል።

ጃኬቱን ከሦስት ዓመት በፊት ከሰልባጅ ነው የገዛሁት። ክርኑና ትከሻው ላይ መከላከያ አለው፤ ደህና ዕቃ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አለቀለት ብዬ ጥግ ጣልኩት። ዘንድሮ ለፋሲካ እህቴ ከእንግሊዝ ስትመጣ ሁለት የኒክዋክስ ጠርሙሶች አመጣችልኝ። አንደኛው ቴክ ዋሽ የሚባል ማጠቢያ፣ ሌላው ቲኤክስ ዳይሬክት የሚባል ውሃ እንዳይገባ የሚያደርግ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1977 እዚያው እንግሊዝ የጫማ ሰም በመሥራት ነው የጀመረው። አራት ወር ስለተጠቀምኩበት አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ ግን የጃኬቱን ነገር ላስረዳ፤ ይሄን ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ዋጋ የለውም። የዝናብ ጃኬት ብዙ ጊዜ ሁለት መከላከያ አለው። አንዱ ውስጥ ያለው ስስ ገለፈት ነው፤ ላብ በእንፋሎት መልክ ያስወጣል፣ ውሃ አያስገባም። ጎርቴክስ የሚባለው በዚህ ዓይነት የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘ ነው። ሁለተኛው የውጪው ጨርቅ ላይ የተቀባው ውሃ ገፊ ነገር ነው። ቶሎ የሚለቀው ይሄ ሁለተኛው ነው። እሱ ሲለቅ የላዩ ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። ገለፈቱ ደህና ቢሆን እንኳ ላብ መውጫ ያጣና ውስጥ ይታፈናል። ሰው ታዲያ ጃኬቱ አፈሰሰ ብሎ ይጥለዋል።

ውሃ ገፊውን የሚያዳክመው ደግሞ ቆሻሻና የዱቄት ሳሙና ቅሪት ነው። ልብስ ማለስለሻም እንደዚያው። ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ይቀርና ውሃ ይስባል። እኔ ጃኬቴን ጥግ እስክጥለው ድረስ በየሁለት ሳምንቱ በዱቄት ሳሙና ስዘፈዝፍ ነው የኖርኩት፤ ንጹሕ ላድርገው ብዬ።

ይሄን ያመንኩት ሳፋው ላይ ነው። የክርኑንና የትከሻውን መከላከያዎች ከኪሳቸው አወጣሁ፣ ዚፑን ዘጋሁ፣ ጃኬቱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ገና ምንም አልጨመርኩም። እጅጌውን አንዴ ሁለቴ አሸት ሳደርገው አረፋ ወጣ። ነጭ አረፋ፣ የሳሙናው ሽታ ሳይቀር። ውሃውን ደፍቼ እንደገና ሞላሁ፤ አሁንም አረፋ። አራተኛው ላይ ነው የጠራው። ቴክ ዋሹን የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አጥቤ በደንብ አለቀለቅኩ። ጨርቁ እርጥብ እንዳለ ሁለተኛውን ጠርሙስ ላዩ ላይ በተጻፈው ልክ ለክቼ ውሃ ውስጥ ጨመርኩና ዘፈዘፍኩት። ሳልጨምቅ ጥላ ውስጥ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በሻይ ማንኪያ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ክብ ሠርቶ ቆመ። ጠረጴዛውን ሳዘነብለው ምንም ሳይተው ተንከባለለ። ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ያቺ የእንሰት ቅጠል ናት ትዝ ያለችኝ።

አንድ ቦታ ግን አልሠራም፤ ኪሱ ጋ። ኪሱ አምና ተቀዶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄው ነበር። በመኪና ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጎ ሰፋው፤ ስፌቱ ያምራል። ነገር ግን እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ገለፈቱን በስቶታል። ይሄን የትኛውም ጠርሙስ አይደፍነውም። ለስፌት የሚሆን ማሸጊያ ሙጫ ያስፈልጋል። እህቴ አንድ ቱቦ ጨምራልኝ ስለነበር ከውስጥ በኩል ስፌቱን ተከትዬ በጥርስ ብሩሽ ስስ አድርጌ ቀባሁና አሳደርኩት። ቆመ። እባካችሁ የዝናብ ጃኬት ስታሰፉ ልብስ ሰፊውን ቀድማችሁ አስጠንቅቁት።

ሰኔና ሐምሌን እንዴት አለፈ? ለካፊያና ለመካከለኛ ዝናብ በጣም ጥሩ ነው። ሀገረ ሰላም ድረስ ደረቴ ደርቆ ገብቻለሁ። ሰዓት ሙሉ ለሚወርድ ዶፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ዚፑ ዚፕ ነው፣ ንፋስ የገፋው ውሃ ይገባዋል። ለዚያ አሁንም ገበያ የሚሸጠውን ሁለት ፍሬ የላስቲክ ልብስ ሣጥኔ ውስጥ እይዛለሁ። የጓንቱንም አፍ እጅጌው ውስጥ አስገባለሁ፤ አለዚያ በክንድ የወረደው ሁሉ ጣት ላይ ነው የሚያርፈው።

ጉድለቱ፣ እዚህ ሀዋሳ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አላገኘሁትም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡ። ከሌላችሁም ግማሹን ሥራ ያለ እሱ መሥራት ትችላላችሁ። የዱቄት ሳሙናውን አቁሙ፣ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁ። ሲደርቅ፣ ምልክቱ ላይ ካውያ ይፈቀዳል ከተባለ ስስ ጨርቅ ደርባችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሱት። ውሃ ገፊው ጨርሶ ካልለቀቀ ሙቀት ይመልሰዋል። ለቆዳ ቦቲ ደግሞ ከማር ነጋዴ የንብ ሰም ገዝቼ ስፌቱ ላይ አሻለሁ፤ ፀሐይ ላይ ለስለስ ሲል በጣት ይገባል። ሲረጥብ ግን እሳት ዳር አታድርቁት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ትናንት ማታ የማንኪያውን ሙከራ ደገምኩት። ደረቱና እጅጌው አሁንም ክብ ይሠራል። ግራ ትከሻዬ ላይ፣ የመድኃኒት ቦርሳዬ ማንገቻ የሚፈትገው ቦታ፣ ውሃው ጠፍጠፍ ብሎ ሰመጠ። ጠርሙሱ ውስጥ ለአንድ ዙር የሚሆን ቀርቶኛል። ቅዳሜ አጥበዋለሁ።