ካሜራ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ ከወጣችሁ፦ የከፈልኩበት፣ የወደድኩትና ያናደደኝ

ዘንድሮ አገር ቤት የመጣሁት ቤተሰብ ለመጠየቅ ነው። ካሜራዬ ግን አብሮኝ ነበር። እንግሊዝ አገር እንጀራዬ ሌላ ሥራ ቢሆንም ትርፍ ጊዜዬን የምሰጠው ለፎቶ ነው፤ አልፎ አልፎም ለቀን መቁጠሪያና ለግድግዳ የሚሆን ሥራ እሸጣለሁ። ስለዚህ ስለ ሆቴል ቁርስና ስለ ማሳጅ የምላችሁ የለም። የምጽፈው በከተማዋ ዙሪያ ቅርስ ያለባቸውን ቦታዎች ሳይ ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ነው፤ በተለይ ደግሞ «እዚህ ያነሳሁትን ፎቶ መሸጥ እችላለሁ?» ብዬ ስጠይቅ ስላገኘሁት መልስ።

መጀመሪያ ትራንስፖርቱ። እህቴ ቤት፣ ካራ አካባቢ ነበር ያረፍኩት። ራይድ በቀላሉ ይገኛል። ጠዋት በጣም ቀድማችሁ መውጣት ከፈለጋችሁ ግን ማታውኑ ከአንድ ሾፌር ጋር ተነጋግራችሁ እደሩ፣ ምክንያቱም ለፎቶ የሚሆነው ብርሃን ሹፌር እስኪገኝ አይጠብቃችሁም። ዳገት ላይ ባጃጅ ከላዳ ይሻላል። ሒሳቡን በቴሌብር መክፈል ይቻላል፤ ተመችቶኛል።

እንጦጦን የጎበኘሁት ከአንድ ወጣት አስጎብኚ ጋር ነው፣ እሱም ራሱ ፎቶ አንሺ ነው። ልጁን የሰጡኝ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የምገዛባቸው እናት ናቸው። ከዚህ ጉዞ ሁሉ ምርጡ አገልግሎት የእሱ ነበር። ታሪኩን ያውቃል፦ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን፣ ከጎኗ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥት፣ ሁሉንም ሳይቸኩል አስረዳኝ። የት ጫማ እንደሚወለቅ፣ የት ፎቶ እንደማይነሳ፣ የድሮ ሥዕል ላይ ፍላሽ ለምን እንደማይበራ ቀድሞ ነገረኝ። ከቄሶቹ ጋር ሲነጋገርም እጅ ነስቶ፣ ረጋ ብሎ ነው።

አንድ ነገር ሲያደርግ ግን ይበልጥ አከበርኩት። አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ ካሜራዬን ሳነሳ «ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ እንጠይቃቸው» አለኝ። ሄዶ አነጋገራቸው። ፎቶው ውጭ አገር ሊሸጥ እንደሚችል ሳይደብቅ ነገራቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና «ፊቴ አይታይ እንጂ ሸክሙን አንሺው» አሉኝ። እንዳሉት አደረግኩ፣ ለጊዜያቸውም ከፈልኳቸው።

ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ሕግም ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ደግሞ ለየት ያሉ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ታዋቂ ሰዎችን፣ ወይም በአደባባይ የሚደረጉ ሥነ ሥርዓቶችን። ጥምቀት ላይ የታቦቱን አጀብ ማንሳትና አንዲትን እናት ብቻቸውን መንገድ ላይ አቁሞ ማንሳት አንድ አይደለም። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን፤ «የራሴ አገር ነው፣ የራሴ ሰው ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም።

የካ ተራራ ላይ ወዳለው ዋሻ ሚካኤልም ሄድን። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ፈርሷል፣ ቅርጹ ግን አሁንም ያስደምማል። ከተማው ሥር ሆኖ ይህን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ ነው። መጨረሻው በእግር ነው፤ ጥሩ ጫማና ውሃ ያዙ። ጠዋት ብትሄዱ ጥላና ብርሃኑ ዓለቱን ከፍሎ ያሳያችኋል። አንድ ሽማግሌ አግኝተን «አባቴ፣ ማንሳት ይቻላል?» ስላቸው «አንሺ ልጄ፣ አገር ይወቀው» አሉኝ። ስለ ሽያጩም ጠየቅኳቸው። «እሱን እኔ አላውቅም፣ የሚያውቁትን ጠይቂ» አሉ። ትክክለኛ መልስ ነው። ያልተሰጣቸውን ሥልጣን አልተጠቀሙበትም።

አሁን ወደሚያናድደው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቦታ ነው፣ ስሙን አልጠራም። በር ላይ መግቢያ ከፈልን። ለካሜራ ደግሞ ከመግቢያው የሚበልጥ ተጨማሪ ተጠየቅን፣ ከፈልን። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ፎቶ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ለምን ዓይነት ፎቶ? ለራስ? ለሽያጭ? ምንም የለም። ጨርሰን ስንወጣ አንድ ሠራተኛ ትልቁን ሌንስ አየና «ይሄ ለንግድ ነው፣ ለንግድ ሌላ ክፍያ አለ» አለን። እሺ፣ ስንት ነው? አያውቅም። ደንቡ የት ነው የተጻፈው? አያውቅም። ከተማ ወዳለ ቢሮ ላኩን፣ ቢሮው ደብዳቤ አጽፉ ብሎ መለሰን፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ክፈሉ መባሉ አይደለም የከፋኝ። ቦታው ጠባቂ ያስፈልገዋል፣ ጥገና ያስፈልገዋል፣ እኔ በፎቶው ካተረፍኩ ላካፍል ይገባኛል። የከፋኝ ዋጋውን ሳይነግሩ ጥፋተኛ ማድረጋቸው ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ ፖስትካርድ ይሸጣል። አስጎብኚዬ ልጅ አንዱን አነሳና ዝም ብሎ ያየው ጀመር። የራሱ ፎቶ ነው። ለአንድ በዓል ባነር ይሁን ብሎ ለቦታው ሰዎች በፍላሽ ዲስክ የሰጣቸው ነው፣ በነፃ። ካርዱ ላይ ስሙ የለም። እሱ በገዛ አገሩ ያንን ቦታ አንስቶ ለመሸጥ ፈቃድ አጥቶ ሲመላለስ፣ የእሱ ሥራ እዚያው በር ላይ ይሸጣል! አፍሬ የምለው አጣሁ። «ተወው፣ ልማዳቸው ነው» አለኝ። መተው የለበትም።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ነው ይህ ሁሉ የሚመጣው። አንደኛው የቦታው መብት ነው፤ ማን ይግባ፣ በምን ሁኔታ ይግባ፣ ለንግድ ለሚያነሳ ስንት ይከፈል የሚለውን አስተዳዳሪው መወሰን ይችላል። ሁለተኛው የፎቶው መብት ነው፤ እሱ የአንሺው ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ ቆጥሮታል። እንደ ዋሻ ሚካኤል ያለውን ዓለት የፈለፈሉት ሰዎች ካለፉ ዘመናት ተቆጥረዋል፣ ዓለቱ ላይ ኮፒራይት (የቅጅ መብት) የለም። በር መጠበቅ የፎቶ ባለቤት አያደርግም።

አዋጁ ላይ ፎቶ አንሺዎች ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ ወይም በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ካለበት ነው። ጊዜውም አጭር ነው፦ ከተሠራበት ጀምሮ 25 ዓመት። እንግሊዝ አገር አንሺው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 70 ዓመት ነው። ስለዚህ እዚህ ስም ሳይጽፉ ፎቶ በፍላሽ ዲስክ መስጠት ትልቅ አደጋ አለው። ለባነርም ቢሆን፣ ለቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ለምን እንደሰጣችሁ ሁለት መስመር ጽፋችሁ አስፈርሙ።

የምኖርበት አገርም ቢሆን ጸብ የለም ማለት አይደለም። በአውሮፓውያን 1895 የተቋቋመው ናሽናል ትረስት ብዙ የድሮ ቤቶችንና መሬቶችን ያስተዳድራል። ለራሳችሁ ብታነሱ ችግር የለም፤ ለንግድ ግን ያለ ፈቃዱ አይቻልም፣ ለዚህም የ1965ቱን መተዳደሪያ ደንቡን ይጠቅሳል። ፎቶ አንሺዎች በዚህ ዓመታት ተከራክረዋል። በአውሮፓውያን 2010 ደግሞ ስቶንሄንጅ የሚባሉትን የጥንት ትላልቅ ድንጋዮች የሚያስተዳድረው የቅርስ ተቋም፣ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ፣ የድንጋዮቹን ምስል ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል መልእክት ለፎቶ ሻጮች ላከ። ጩኸት ተነሣ። በኋላ ለተፈጠረው ግራ መጋባት አዝኛለሁ፣ የሁሉም የስቶንሄንጅ ፎቶ ኮፒራይት የእኔ አይደለም ብሎ አስታወቀ። የዚያ አገር የ1988 ሕግ ሕንፃን ፎቶ ማንሳት የአርክቴክቱን መብት አይነካም ይላል፤ ክልከላው የሚመጣው ግቢ ውስጥ ስትገቡ ከተስማማችሁበት ሁኔታ ነው። ቢያንስ ግን ደንቡ ተጽፏል። አንብባችሁ መስማማት ወይም ተመልሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ከእኛ ቦታዎች የምጠብቀው ይኸንኑ ነው፦ በር ላይ አንድ ሰሌዳ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ። ለራስ ይሄን ያህል፣ ለሽያጭ ይሄን ያህል፣ ብሩ የሚገባው እዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው፣ ፎቶው የአንሺው ነው። ለአካባቢው ልጆች ደግሞ ቅናሽ ይኑር፣ ምክንያቱም ቦታውን በየወቅቱ፣ በዝናቡም በአቧራውም የሚያነሱት እነሱ ናቸው።

ጊዜ ካላችሁ የጥንት ሰዎች ቅሪት ወደተገኘበት ወደ መልካ ቁንጡሬ ውረዱ፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ዳር። ባልጪት ከሚባለው የአካባቢው ጥንታዊ ቦታ ጋር በአውሮፓውያን 2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ከአሁን በኋላ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሰው ይበዛል ብዬ አስባለሁ። ሰሌዳው አሁን ቢተከል ጥሩ ነው። ድሮን ግን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ቦሌ ላይ ይያዛል።

ኅትመቱን ያሠራሁት ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ትንሽ ቤት ነው። ቀለሙን ከስክሪኑ ጋር አስተያይተው፣ ያልወደድኩትን ሳያጉረመርሙ ደግመው አወጡልኝ። ከኋላው የአንሺውን ስምና አድራሻ የሚጽፍ ማኅተም ይሠራሉ፤ ለልጁም አንድ አሠራሁለት።

ስለ ፖስትካርዱ ልጁ ማመልከቻ ጽፏል፤ ስሙ እንዲታተምበትና ከሽያጩ ድርሻ እንዲሰጠው የሚጠይቅ። እኔም ስለ ንግድ ክፍያው ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ የገቢ ቁጥር ተቀብያለሁ። መልሱ ተጽፎ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ ቦታ ያነሳኋቸውን አልሸጥም። ሲመጣ ምን እንዳሉና ስንት እንዳስከፈሉ እጽፍላችኋለሁ።