ባለ ሦስት መስመሩ የቪኢፒ መሣሪያ በደብረ ብርሃን ብርድ

ቪኢፒ ዓይን ሲያይ አንጎል የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካ መሣሪያ ነው። ሻጮቹ «የአንጎልን የእይታ ካርታ ያወጣል» ይሉታል። አያወጣም፤ ለካርታ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ይህ ዕቃ የሚነግረን ዓይን ያየው ነገር የአንጎልን የኋላ ክፍል ለመቀስቀስ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀና ምላሹ ምን ያህል ጉልህ እንደሆነ ነው። ለዕይታ ነርቭ ብግነት ግን ይኸው ይበቃል፤ 100 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መታየት ያለበት ሞገድ ሲዘገይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ጭንቅላት ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች (የምልክት መቀበያዎች) አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ከኋላ በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ይሆናሉ። ከአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት እብጠት (ከጭንቅላት ኋላ የሚዳሰሰው አጥንት) 36 ሴ.ሜ. ከሆነ መካከለኛው ከእብጠቱ 3.6 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ ማጣቀሻው (ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት ኤሌክትሮድ) ከአፍንጫ ሥር 10.8 ሴ.ሜ. ላይ ይለጠፋል። ኤሌክትሮዱ ከቆዳ ጋር ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ከ5 ኪሎ ኦም መብለጥ የለበትም። ፀጉር ቅቤ ከተቀባ ግን አይወርድም፤ ቆዳውን በአልኮል ጠርጎ በማሻሻ ጄል መፈተግ ነው። ሹሩባ መፍታት አያስፈልግም፣ በጉንጉኖቹ መካከል ቦታ ይገኛል።

ታካሚው መነጽሩን አድርጎ፣ የብሌን ማስፊያ ጠብታ ሳይደረግለት፣ በአንድ ዓይን ብቻ ያያል። በአንድ ሜትር ርቀት ስክሪኑ ላይ የሚታዩት የትልልቆቹ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ጎን 1.75 ሴ.ሜ. ነው፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይገለባበጣሉ። ቢያንስ የ64 ምላሽ አማካይ ይወሰዳል፣ ከዚያም ይደገማል። ሁለቱ ሞገዶች ካልተደራረቡ ውጤት አይጻፍ።

ድክመቱ ኤልሲዲ ስክሪኑ ነው። በራሱ ይዘገያል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብስበታል፤ ጠዋት ቀደም ብሎ ይከፈት። ከመጽሐፍ የተቀዳ መደበኛ ቁጥርም አይሠራለትም፣ ጤነኞችን በዚሁ ስክሪን መለካት ግድ ነው። የሚንቀጠቀጥ ታካሚ የማጅራት ጡንቻው ሞገዱን ያበላሻል፤ የመንዝ ባና ደርቡለት። ከመብራት መስመር የሚመጣ የ50 ኸርዝ ጫጫታ ከገባ ማጣሪያውን ከማብራት በፊት ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሥራት ይሻላል፤ ማጣሪያው የሞገዱን ቅርጽ ያዛባል።

የስክሪኑን ግማሽ ብቻ ሲያሳዩ ደግሞ ጀማሪ ይሳሳታል። የግራው ግማሽ የሚደርሰው ለቀኙ አንጎል ነው። ሆኖም ምላሽ ሰጪው የአንጎል ሽፋን በሁለቱ የአንጎል ግማሾች መካከል ተሸሽጎ ፊቱን ወደ ግራ ስላዞረ፣ ትልቁ ሞገድ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በግራው ኤሌክትሮድ ነው። የመሣሪያው ሪፖርት ይህን አያስጠነቅቅም፤ ትልቅ ጉድለት ነው።

ለግላኮማ (የዕይታ ነርቭን ቀስ በቀስ ለሚጎዳው በሽታ) አይገዛ። ሞገዱ በአብዛኛው የሚመጣው ከእይታ መሃል ነው፣ ግላኮማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳር ይጀምራል። የነርቭ ሐኪም ሪፈር የሚልክለት የዓይን ክሊኒክ ግን ቢገዛው ያዋጣዋል፤ ጄልና ተጨማሪ ኤሌክትሮድ አብሮ ይዘዝ።