ለልጄ የስካውት መሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን ከመጻፌ በፊት ልጄን አስፈቅጃለሁ። «ስሜን ብቻ አትጥሪ» አለኝ። የመሪውንም ስም አልጽፍም፤ በአደባባይ ሲመሰገኑ አይወዱም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። የቡድኑን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ።

ልጄ 9 ዓመቱ ላይ «ስካውት ካልገባሁ» ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ጓደኛው ስካርፍ አንገቱ ላይ አስሮ ሲሄድ አይቶ ነው። እኔን ሁለት ነገር ጨንቆኛል። አንዱ ገንዘብ ነው። ሌላው ለማንም የማልነግረው፦ ልጄ ሌሊት ሽንት ያመልጠው ነበር። ሐኪም አይቶት «ጤነኛ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብሎናል። ቤት ውስጥ ችግር የለውም፤ አንሶላ ይታጠባል፣ አለቀ። ድንኳን ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲሆንስ?

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ስሙን አልጠራም። ቅጹ ላይ ስለ ጤና የሚጠይቅ መስመር አለ። አምኜ ጻፍኩት። ተቀባይዋ ወላጆች በተሰለፉበት ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «እንዲህ ከሆነማ እስኪተወው ካምፕ ባይሄድ ይሻላል» አለች። ልጄ አጠገቤ ቆሟል። ጆሮው ፍም መሰለ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ ቀድመው ተቀብለውናል፤ እስከ ዛሬ አልመለሱልንም። ገንዘቡስ ይቅር፣ የዚያን ቀን ፊቱን ነው የማልረሳው።

በዚያ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ የዕቃ ዝርዝር ሰጥተውን ነበር። ሁሉም አዲስ መሆን አለበት ተባለ። አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ ተራራ ለሚወጣ አዋቂ የተሰራ ቦርሳ አምጥቶ ልጄ ጀርባ ላይ ጫነው። ከኋላ ሲታይ ቦርሳው እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። «ያድግበታል» አለኝ፣ ሳያፍር! ልጄን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስለ ስካውት አላነሳንም። እሱም መጠየቁን ተወ።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እሷንም ክፉ አይንካት። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ደሞዝ የላቸውም፤ የሚሠሩት በበጎ ፈቃድ ነው። ወደ ጎን ጠርቼ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ምንም አልመሰላቸውም። «ስሚ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ስንት ጊዜ ይዘን ወጥተናል። አንቺ ብቻ አይደለሽም» አሉኝ። ከዚያ ልጄን ጠርተው ቁጢጥ ብለው እኩል ለእኩል አወሩት።

«ማታ ከመተኛታችን በፊት ሁላችሁም ሽንት ቤት ትሄዳላችሁ። ትንሽ ቆይተን እኔና ሌላ መሪ ሆነን በቀስታ እንቀሰቅስሃለን። ስሊፒንግ ባግህ (የመኝታ ከረጢትህ) ውስጥ ጠቆር ያለ አንሶላ ይኖራል፣ ደረቅ ሱሪህን እግርህ ጋ ታስቀምጣለህ። እንዲያም ሆኖ ካመለጠህ ጠዋት መጥተህ ‹ባትሪዬ ጠፋ› በለኝ። እኔ ይገባኛል።»

ልጄ ሳቀ። ከዚያ ቅጽ በኋላ በዚህ ጉዳይ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያው ካምፕ ላይ ባትሪው ጠፋ። «ና እንፈልገው» ብለውት ሌሎቹ ቁርስ ላይ እያሉ ስሊፒንግ ባጉን በትርፉ ቀየሩለት። ማንም አላወቀም። እኔ የሰማሁት ከራሱ ከልጄ ነው፣ ያውም እየሳቀ ሲያወራ። እኔ ግን ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። አንጀቴን ነው ያራሱት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ስለ ወጪው የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ረጅም ዝርዝር ነበር። እሳቸው ግን «ገንዘብሽን ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ስሊፒንግ ባግ ላይ አውጪ፣ ሌላውን ተይው» አሉኝ። ድንኳኑ የቡድኑ ነው። የጀርባ ቦርሳ ያውሳሉ። የደንብ ልብሱን ለትልልቆቹ ልጆች ያጠራቸው ልብስ ከሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ መርጠን ወሰድን። ዓመታዊው ክፍያና የካምፑ ክፍያ ለየብቻ ነው፤ የካምፑን ከፋፍዬ እንድከፍል ፈቀዱልኝ። የትም ብትመዘግቡ ዓመታዊው ክፍያ ምን ምን እንደሚያካትት፣ ኢንሹራንስ እንዳለበትና እንደሌለበት ቀድማችሁ ጠይቁ። ሌሊት ልጆቹ ጋ ስንት አዋቂ እንደሚሆንም ጠይቁ። እሳቸው ዘንድ መሪ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር አይሆንም።

ስሊፒንግ ባግ ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። «የምቾቱን ቁጥር እዪ፣ ሌላው አያታልልሽ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አስረድተውኛል፣ አልገባኝም፣ እንዳሉት ገዛሁ። ልጄ አልበረደውም። ብርዱ በብዛት ከመሬት እንደሚመጣ ግን ገብቶኛል፤ ከስሊፒንግ ባጉ ሥር የሚነጠፈውን ምንጣፍ አትርሱ። ጫማው አዲስ ከሆነ ከካምፑ በፊት ቤት ውስጥ እያደረገ ይለማመደው። ካልሲው የሱፍ ይሁን፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም።

ከሁሉ የገረመኝ የቦርሳው ነገር ነው። እኔ ቤት አጣጥፌ፣ በየከረጢቱ ለይቼ፣ አሳምሬ አሽጌ ነበር የመጣሁት። መሬት ላይ ዘርግፈው ልጁን «አንተ ክተተው» አሉት። ቅር አለኝ። ዞር ብለው «ጨለማ ውስጥ ካልሲ የሚፈልገው እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽ» አሉኝ። አጣጥፎ የሚባል ነገር የለም፣ እየጠቀጠቀ ከተተው። ዝናብ ሲመጣ ግን የዝናብ ልብሱን ቀድሞ ያወጣው እሱ ነበር አሉ።

ስለ ክፍያው አመንትቼ አይተውኝ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን የመጀመሪያውን ካምፕ ታሪክ ነገሩኝ። በ1907 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የስካውት መሥራች ባደን ፓወል 20 ያህል ልጆች ሰብስቦ እንግሊዝ አገር ወዳለች ብራውንሲ ወደምትባል ደሴት ሲወስዳቸው፣ ግማሾቹ የሀብታም ትምህርት ቤት ልጆች፣ ግማሾቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በየቡድኑ ደባልቆ ነው ያሰፈራቸው። «ልብሱ አንድ ዓይነት የሆነው ማን ያለው፣ ማን የሌለው እንዳይለይ ነው። ታዲያ አዲስ ካልገዛችሁ ብዬ ልጅ ልመልስ?» አሉ። የመጀመሪያው ቦታ ይህን ቢሰማ!

ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ያ ነገር ሐኪሙ እንዳለው በራሱ ጊዜ ቆመ። ፓትሮል የሚሉት የትንንሽ ልጆች ቡድን አለው፣ እሱ ይመራቸዋል። ስንት ዓይነት የገመድ ቋጠሮ እንደሚያውቅ አትጠይቁኝ፤ ሊያሳየኝ ሲሞክር ጣቴ ነው የሚታሰረው።

እባካችሁ፣ ልጃችሁን ካምፕ ለመላክ እንዲህ ባለ ነገር የምትሰጉ ካላችሁ እሳቸው ጋ ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ጋ! ሌላ ቦታ ተሰድባችሁ፣ አፍራችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ልጃቸው ያደገባቸው ደግሞ ቤት የተቀመጠ ጫማና የዝናብ ልብስ ካላችሁ አምጡልን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሸሚዝ ሞልቷል፤ የትንንሽ ልጆች ጫማ ግን አልቋል፣ የሚቀጥለው ካምፕ ደግሞ ደርሷል።