ጥንካሬ መለካት ወይስ የጋዝ አረፋ? ካንሰርን በአልትራሳውንድ ለመለየት

የተለመደው አልትራሳውንድ እባጭ መኖሩን ያሳያል። ካንሰር መሆን አለመሆኑን ግን ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት አይናገርም። ይህን ክፍተት ለማጥበብ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንዱ ኢላስቶግራፊ ነው። የእባጩን ጥንካሬ ይለካል፤ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው ካለው ሥጋ ይልቅ ይጠነክራልና። ሐኪም ጡትን በእጁ ሲዳስስ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። መርፌ የለውም፣ ብዙ ጊዜም አይወስድም። ነገር ግን ባለሙያው መሣሪያውን አጥብቆ ከተጫነ ጤነኛው ሥጋም ጠንካራ መስሎ ይታያል። ለስላሳ የሆኑ ካንሰሮችም ሊያመልጡት ይችላሉ።

ሌላው በደም ሥር የሚሰጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ናቸው። መጠናቸው የቀይ የደም ሴል ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ደም የደረሰበት ሁሉ ይደርሳሉ፤ ምስሉ ላይም ደምቀው ይታያሉ። ጉበት ላይ ጥቅማቸው በጣም ይጎላል። የጉበት ካንሰር ደሙን በዋናነት ከአርተሪ (ከልብ ደም ከሚያመጣው የደም ሥር) ስለሚያገኝ ቀድሞ ይደምቃል፤ ቆይቶ ደግሞ ከቀረው ጉበት በላይ ይደበዝዛል። ጥንካሬ መለካት ይህን የደም አካሄድ ሊያሳይ አይችልም። ጋዙ የሚወጣው በትንፋሽ ነው። ስለዚህ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አልፎ አልፎ አለርጂ ስለሚያስነሳ ግን ክትትል ይፈልጋል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አረፋውን ለጉበት ምርመራ የፈቀደው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ ለጡት ኢላስቶግራፊን፣ ለጉበት አረፋውን አስቀድማለሁ። ጡት ላይ ግን ውጤቱ ካጠራጠረ ናሙና መወሰዱ አይቀርም።