የሳልመንና የስቲልሄድ ዝንብ ላባ፦ የሐበሻ አውራ ዶሮ ወይስ ከውጭ የሚመጣ?

ሳልመንም ሆነ ስቲልሄድ የሚባሉት ዓሦች በአገራችን ወንዞች አይገኙም፤ ዘመዳቸው የሆነው ትራውት ብቻ ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ይኖራል። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ዓሦች ማጥመጃ የሚሆነውን ባህላዊ ሰው ሠራሽ ዝንብ (ነፍሳት እንዲመስል ላባ የታሰረበት መንጠቆ) ለመሥራት ከሚያስፈልገው ላባ ጥቂት የማይባለው በሱሉልታ፣ በሰበታና በለገጣፎ ጓሮዎች ስለሚገኝ፣ ሥራውን የሚጀምር ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የትኛውን ከሰፈሩ፣ የትኛውን ከውጭ ማግኘት እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው በመንጠቆው ግንድ ዙሪያ የሚጠቀለለው ላባ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ውድ የሆነ ሁሉ የተሻለ ይመስላቸውና በአሜሪካ ለላባቸው ብቻ ተመርጠው ከሚረቡ አውራ ዶሮዎች የተገፈፈ የአንገት ቆዳ ያዝዛሉ። ያ ላባ በዓይነቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ የተዘጋጀ በመሆኑ ክሮቹ፣ ማለትም ከላባው ዘንግ ግራና ቀኝ የሚወጡት ቀጫጭን ጭረቶች፣ ጠንካራና አጫጭር ናቸው። የሳልመንና የስቲልሄድ ባህላዊ ዝንብ በአብዛኛው ከውኃው በታች የሚሄድ ስለሆነ፣ ውኃ የሚጠጣና ከወራጁ ጋር የሚወዛወዝ ለስላሳ ክር ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የሚታረደው የሐበሻ አውራ ዶሮ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ ውድ ቆዳ ይበልጣል።

የሥጋ ዶሮ ከሚያረቡ ሰዎች ላባ በነጻ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን አነስተኛ ነው። የሥጋ ዶሮ ገና በሳምንታት ዕድሜው ስለሚታረድ የአንገቱና የጀርባው ላባ ለመርዘም ጊዜ አያገኝም። የሐበሻው አውራ ዶሮ በጓሮ ውሎ አድሮ የጎለመሰ ስለሆነ ላባው የተሟላ ነው፤ ቀዩ እንዳለ ያገለግላል፣ ገብስማውም ምንም ቀለም ሳይነካው ያምራል፣ ነጩ ደግሞ የተፈለገውን ቀለም ይቀበላል።

በአንድ አውራ ዶሮ ላይም ቢሆን ላባው አንድ ዓይነት አይደለም። የአንገቱ ቀጭንና ሹል ሲሆን ጥንድ ጥንድ ተደርጎ ለዝንቡ ክንፍ ይመቻል፤ በአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ይኖር የነበረው ሲድ ግላሶ ለስቲልሄድ በሠራቸው ዝነኛ ዝንቦች ላይ ክንፉን የሠራው ከዚሁ ከአንገት ላባ ጫፍ ነው። የጀርባው ይረዝማል፣ ዘንጉም ይቀጥናል፤ ለመጠቅለል የተመቸ ነው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምፈልገው ግን ከጅራቱ ሥር ያለውን፣ ሰፊና ልል የሆነውን ላባ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቆሻሻ ጋር የሚጣለውም እርሱ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከመግዛት በፊት ላባውን ከጫፉ ይዞ ክሮቹን በጣት ወደ ሥሩ ማበስ ይገባል። በዘንጉ ግራና ቀኝ ክሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ጥቅጥቅ ያሉበት ክፍል ወደ ጫፉ በራቀ መጠን ላባው ለዚህ ሥራ ይሻላል። ቀጥሎ ዘንጉን በእስክሪብቶ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠቅለል ነው፤ እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ወይም ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ላባ መንጠቆው ላይም ያው ነው። ለተራው ዝንብ የክሩ ርዝመት ከመንጠቆው አፍ (በጫፉና በግንዱ መካከል ካለው ክፍተት) ስፋት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይበቃል።

በስኮትላንዱ የስፔይ ወንዝ ስም ለሚጠራው ዝንብ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም፤ ክሩ የመንጠቆውን መታጠፊያ አልፎ መውረድ አለበት። ቀድሞ ለዚህ የሚያገለግለው የሽመላ ዘመድ የሆነው የሄሮን ላባ ነበር፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣችው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ ምክንያት ግን በዚያ አይሸጥም። ዛሬ የሚተካው በእርባታ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ጆሮ ፌዛንት የሚባለው የዶሮ ዘመድ ወፍ ነው። የእኛ አውራ ዶሮ የጅራት ሥር ላባ በትንንሽ መንጠቆ ላይ ሊተካው ይችላል፤ በትልልቁ ላይ ግን ያጥራል።

ከተለያየ ቀለም ላባ የተወሰዱ ክሮች ጎን ለጎን ተጋጥመው ለሚሠራው ባለ ብዙ ቀለም ክንፍ ምርጫው በዝይና በቱርኪ ዶሮ መካከል ነው። የዝይ ክር ቀጭን ነው፣ ቀለምም ቶሎ ይጠጣል፤ የቱርኪው ረጅም በመሆኑ ለትልቅ መንጠቆ ይሻላል። ከሁለቱ የትኛውም ቢገዛ ከግራና ከቀኝ ክንፍ የተገኘ ጥንድ መሆን አለበት፤ የአንድ ወገን ላባ ብቻ የያዘ ሰው የዝንቡን አንድ ጎን ሠርቶ ሌላውን ሊሠራ አይችልም።

የዱር ወፍ ላባን በተመለከተ አቋሜ ጽኑ ነው። በገበያ በአባ ኮዳ የእንግሊዝኛ ስም ማራቡ ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ላባ ዛሬ የሚገኘው ከቱርኪ ዶሮ ስለሆነ አባ ኮዳን ማሳደድ አያስፈልግም። በጥንቱ የእንግሊዝ ዝንብ ላይ የነበሩት ብርቅዬ የደቡብ አሜሪካ ወፎችም ቀለም በተነከረ የዶሮና የዝይ ላባ ይተካሉ። የእነዚህ ወፎች ፍላጎት እስከ ምን እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ትሪንግ ከሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳዎች መሰረቃቸው ያሳያል። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት አባል ናት።

የሰፈሩን ላባ ለማግኘት ዶሮው የፈላ ውኃ ሳይነካው መድረስ ያስፈልጋል፤ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የተነጨ ላባ ይወሳሰባል፣ በመጠን ለመለየትም ያስቸግራል። የአንገቱና የጀርባው ቆዳ ከነላባው ተገፎ፣ ስቡ ተፍቆ፣ ጨው ተነስንሶበት ጥላ ውስጥ ቢደርቅ ጥሩ ነው፤ ብል እንዳይበላውም በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ይቀመጥ። ከውጭ ለማዘዝ ገንዘብ የሚተርፈው ሰው በመጀመሪያ የወርቃማ ፌዛንት ሙሉ የራስ ቆዳ ይግዛ፤ ቢጫው ቁንጮ ለጅራትና ለክንፍ አናት፣ ጥቁር መስመር ያለበት ብርቱካናማው የአንገት ላባ ደግሞ ለክንፍ ያገለግላል፤ ለሁለቱም በአካባቢያችን ምትክ አላገኘሁላቸውም።