«ለጣና የተሠራ ሞዴል» ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ገና ከቢሯቸው ደረጃ እንደወረድኩ ነው የምጽፈው፤ ንዴቴ አልበረደም። ባሕር ዳር ላይ የምርምር ሥራ የነካካ ሰው ሁሉ እነዚህን ለተመራማሪ የኮምፒውተር ትንተና በክፍያ የሚሠሩ ቢሮዎች ያውቃቸዋል። በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል፦ ኤስፒኤስኤስ፣ ጂአይኤስ፣ ስዋት፣ ሞዴሊንግ፣ ጥረዛ። ግማሹን ቅድሚያ፣ ቀሪውን ሲያልቅ። ከዚያ «ነገ ደውይ» ይመጣል።

ጥያቄዬ ግልጽ ነበር። የከተማው ፍሳሽ ጣና ሲገባ ዳር ዳሩን ኦክስጅኑና ፎስፈረሱ ምን ይሆናል? ይህን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሞዴል ነው የፈለግሁት። የናሙና ውጤቶቼን በፍላሽ ሰጠኋቸው። «ኦርጅናል ሶፍትዌር ከነላይሰንሱ፣ ለጣና ካሊብሬት ተደርጎ» አሉኝ፤ ከሐይቁ ልኬት ጋር እንዲገጥም ተስተካክሎ ማለታቸው ነው። በ18,000 ብር ተስማማን።

ዛሬ «አልቋል» ብለው ጠሩኝ። ልጁ ቀሪው ሳይገባ ፋይሉን አላሳይም አለ። በቴሌብር ላክሁ። መልእክቱ ሲገባለት ላፕቶፑን ወደኔ አዞረ። ኤክሴል ነው። ግራፉ ያምራል፣ ነጥቦቹ መስመሩን ተከትለው ተደርድረዋል። ከግርጌው ግን «ርቀት በኪሎ ሜትር» ይላል። ሐይቅ ላይ ከየት እስከ የት ነው የሚለካው? «እስኪ የመጀመሪያውን ገጽ ክፈትልኝ» አልኩት። የወንዝ ስም በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ «ቦልደር ክሪክ» ተጽፏል። ዓመቱ 1987፣ በፈረንጆቹ።

ቦልደር ክሪክ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለ ወንዝ ነው። ኳል ቱ ኬ ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ለመለማመጃ ተብሎ የሚመጣ ፋይል! የኔ ናሙና የትም የለም። እነዚያ ያማሩ ነጥቦችም የኮሎራዶ ናቸው።

ልጁ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ «ስሙን ቀይሪዋ» አለኝ። አለቃው መጣ። «እህቴ፣ ውሃ ውሃ ነው። ደግሞ ማን ከፍቶ ያየዋል?» ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ብሬን ስል «የተሠራ ሥራ አይመለስም»። ደረሰኝ ስል ደግሞ «የጽሕፈት አገልግሎት» የሚል ቆርጠው ሰጡኝ።

ውሃ ውሃ አይደለም፣ ጌታው። ኳል ቱ ኬ የወንዝ ሞዴል ነው። ውሃው ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ፣ ፍሰቱም ሳይለዋወጥ ይሄዳል ብሎ ነው የሚያሰላው። ከከተማው በታች ላለው አባይ፣ ያውም በበጋ፣ ቢሆን እሺ። ጣና ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ በአማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ነው። ነፋሱ እንዳሻው ያማስለዋል። ለእንዲህ ያለው ውሃውን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ የጊዜውን ለውጥ እየተከተለ የሚያሰላ እንደ ዋስፕ ያለ ሞዴል ነው የሚያስፈልገው። ስዋት የሚባለውን ሞዴል ለብቻው ቢያመጡላችሁም ያው ነው። እሱ የሚነግራችሁ ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከግልገል አባይ ማሳዎች ታጥቦ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለውን ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ የሚያቃጥለው ሦስቱም ሞዴሎች ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርዱ መሆናቸው ነው። የምን ላይሰንስ?

ብቻ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ዳታው የገባበትን ገጽ አስከፍቱ። ከናሙናችሁም ጥቂቱን ሳትሰጧቸው እናንተው ጋ አስቀሩ፤ ሞዴሉ ያላየውን መገመት ከቻለ ያኔ ክፈሉ። የቢሮውን ስም የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።