ሄንሲፋይና ናኖቴርም፦ አዳማ ላይ ስለ ናኖ የካንሰር ሕክምና ለሚጠይቁ

ሄንሲፋይ፣ ከጨረር ሕክምና ጋር የሚሰጠው መርፌ፣ በአውሮፓ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 ለለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ካንሰር፣ ማለትም ለሳርኮማ ነው። ውስጡ እጅግ ደቃቅ (ናኖ) የሃፍኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ሲሆን፣ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ በቀጥታ እጢው ውስጥ ይወጋል። ሃፍኒየም ከባድ ንጥረ ነገር ስለሆነ ጨረሩን ከሥጋ ይበልጥ ይውጣል፤ የሚረጫቸው ኤሌክትሮኖችም ጉዳቱን እዚያው ያበዙታል። የተወጋው ቅንጣት ከእጢው ውጭ ካረፈ ግን ጥቅሙ ይቀራል፤ ደግነቱ ቅንጣቱ በሲቲ ስካን ነጭ ሆኖ ስለሚታይ የት እንደተቀመጠ ማረጋገጥ ይቻላል። የጨረሩ መጠን አይቀየርም፤ ያው 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ25 ቀጠሮ ነው። ፈቃዱን ባስገኘው ጥናት እጢው ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የሞተላቸው 16 በመቶ ናቸው፤ ጨረር ብቻ ካገኙት 8 በመቶ። እጥፍ ነው፣ ግን ተአምር አይደለም። ከአምስት ሦስት ተኩል እንሰጠዋለን።

ሁለተኛው፣ ናኖቴርም፣ ያነሰ ያገኛል፤ ከአምስት ሁለት። የብረት ኦክሳይዱ አንጎል ውስጥ ወዳለው እጢ ከተወጋ በኋላ፣ በሰከንድ 100 ሺህ ዙር (100 ኪሎኸርዝ) የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ያሞቀዋል። ከጨረር ሕክምና ጋር ሲሰጥ፣ ሙቀቱ ሕዋሱ በጨረር የደረሰበትን ጉዳት እንዳይጠግን ያዳክመዋል። ጣጣው ብዙ ነው፦ የብረት የጥርስ ሙሌት ይወጣል፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለው ሰው አይታከምበትም፣ ከዚያም ቅንጣቱ የኤምአርአይ ምስሉን ስለሚያበላሽ ክትትሉ ወደ ሲቲ ይዞራል።

ሁለቱም አዳማ ፋርማሲ ውስጥ የሚገዙ አይደሉም። በጠርሙስ የሚጠጣ «ናኖ ወርቅ» የሚያቀርብላችሁ ካለ፣ ከእነዚህ ጋር ምንም አይገናኝም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የጨረር ቀጠሮ ያለው ሰው ለእሱ ብሎ ቀጠሮውን አያሳልፍ።